ሁለት ቀን በፍሎሬንስ

በኢጣልያ አገር በአርኖ ወንዝ ግራና ቀኝ የተቆረቆረችውን ከተማ ባለአገሮቹ ፊሬንዜ ሲሏት ሌላው ዓለም ፍሎሬንስ ይላታል። ሥዕልና ሕንጻ የሚያጠና ሁሉ በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ ሊያያት የሚመኛት፣ እነሌዎናርዶ ዳ ቪንቺና እነሚኬል አንጄሎ የሠሩባት፣ የሜዲቺ ቤተሰብ ባለጸጎች በገንዘባቸው ኃይል የገዟት ከተማ በመሆኗ ብዙ ተብሎላታል፤ ይገባታልም። በዚህ ገጽ ግን ብዙ ያልተባለለት አንድ ቤት ይነሣል። ቤቱ የመስፍን አዳራሽ ወይም የጳጳስ መንበር አይደለም። ችግር ያስጨነቃቸው እናቶች ከ400 ዓመት በላይ የገዛ ልጆቻቸውን አምጥተው እያስረከቡ ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ቤት ነው።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ስለ መንገዱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የምማረው ቦሎኛ ነው። ከቦሎኛ እስከ ፍሎሬንስ ያለውን ተራራማ አገር ፈጣኑ ባቡር በ40 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፤ አብዛኛው መንገድ በተራራ ሆድ ውስጥ የተቦረቦረ ዋሻ ስለሆነ በመስኮት የሚታይ ነገር የለም። ቀርፋፋው ባቡር ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ይቀላል። ቀኑንም የመረጥሁት በኪሴ ልክ ነበር። በኢጣልያ የመንግሥት ሙዚየሞች በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ያለ ክፍያ ስለሚከፈቱ እሑድና ሰኞን ያዝሁ። ማደሪያ አላሳሰበኝም። እናቴ በልጅነቷ «እትዬ» እያለች ያደገችባቸው የሰፈራችን ሴት ፍሎሬንስ ይኖራሉ። እትዬ ከ40 ዓመት በፊት የቤት ሥራ ፍለጋ ወደ ኢጣልያ ከገቡት ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች አንዷ ናቸው። የሰው ልጅ እያሳደጉ፣ የሰው ሽማግሌ እያስታመሙ ጡረታ ደርሰዋል።

ዋናው የባቡር ጣቢያ ስሙን ያገኘው ፊት ለፊቱ ከሚገኘው ከሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ ቦታ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1441 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኢየሩሳሌም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ዘንድ የተላኩ መልእክተኞች ለታላቁ የሃይማኖት ጉባኤ ፍሎሬንስ ገብተው ነበር። የላኳቸው አበ ምኔት ኒቆዲሞስ ይባሉ ነበር፤ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት አውጌንዮስ 4ኛ በዚያን ጊዜ ይቀመጡ የነበረውም በዚሁ በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ገዳም ነው። ፊላሬቴ የተባለው የፍሎሬንስ ቀራፂ በ1445 ሠርቶ በጨረሰው በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ መዝጊያ ላይ የእነዚህ መልእክተኞች ምስል ተቀርጾ ይታያል። መነኮሳቱ ወደ ከተማይቱ ሲገቡ የካቴድራሉ ጉልላት ካለቀ ገና 5 ዓመቱ ስለነበረ፣ እንደ ዛሬው መንገደኛ እነርሱም አንገታቸውን ቀና አድርገው ሳያዩት አልቀሩም።

ጉልላቱን ሳያዩ ፍሎሬንስን አየሁ ማለት አይቻልም፤ ቢፈልጉም አይቻል፣ በየመንገዱ ጫፍ ብቅ ይላል። የካቴድራሉ መሠረት የተጣለው በ1296 ነው። ግድግዳው ቆሞ ጉልላቱ የሚያርፍበት ቦታ ግን ከ40 ሜትር በላይ ስፋት ስለነበረው የሚከድነው ጠፍቶ ለረጅም ዓመታት ለሰማይ ተከፍቶ ቆየ። በኋላ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ የተባለ፣ ሙያው ወርቅ ሠሪነት የሆነ ሰው ከሥር የእንጨት መደገፊያ ሳያቆም እንደሚሠራው ተናገረ። የሰማው ሁሉ ሳቀበት። በ1420 ጀምሮ በ1436 ጨረሰው። ጉልላቱ አንዱ በሌላው ላይ የተደፋ ድርብ ሲሆን በሁለቱ መካከል ወደ ላይ የሚያወጣ 463 ደረጃ አለ። መውጣት ለሚፈልግ ተራ አስቀድሞ ማስያዝ ግዴታ ነው፤ ጉልበትም ያስፈልጋል።

ሠርቶ አዳሪ አንባቢዎቻችን የሚወዱት ሌላ ታሪክ አለ። የሠዓሊዎችን ሕይወት የጻፈው ቫዛሪ እንደሚተርከው፣ ብሩኔሌስኪ ግንበኞቹ ለምሳ ሲወርዱና ሲወጡ ጊዜና ጉልበታቸው እንዳያልቅ ምግብና ወይን ጠጅ የሚሸጥበት ቦታ እዚያው ጉልላቱ ላይ አዘጋጀ። የሠራተኛ ክበብ ብንለው አይሳሳትም። ነገር ግን ግንበኞቹ ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ይኸው ሰው አባርሯቸው ከሎምባርዲያ ሌሎች አስመጣ፤ የተባረሩት ተመልሰው ሲለምኑትም ከቀድሞው ባነሰ ደመወዝ መልሶ ቀጠራቸው። ምሳውን አብልቶ ደመወዙን መቀነስ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

ምሳ ካነሣን አይቀር የፍሎሬንስ ሠራተኛ በጎዳና ጋሪ ዙሪያ ቆሞ የሚበላውን ልንገራችሁ። ላምፕሬዶቶ ይባላል፤ የከብት አራተኛው ጨጓራ ተቀቅሎ፣ ተከትፎ፣ በዳቦ ውስጥ ገብቶ፣ ከላይ የፔርሰሜሎ ድልህ ፈሰስ ይደረግበታል። ዳቦው መረቁ ውስጥ ነከር ተደርጎ ይሰጣል። አብረውኝ የሚማሩ የሌላ አገር ልጆች ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ጨጓራና ሽንፍላ እያየ ላደገ ሰው ግን ምንም የሚያስደነግጥ የለውም። የሚያስደነግጠው ዳቦው ነው። የቶስካና ዳቦ ጨው የለውም። ባለቤት ረስታ ሳይሆን የአገሩ ልማድ ነው፤ አንድ ሺሕ ዓይነት ምክንያት ይሰጡታል። ዳቦው ሲደርቅ አይጣልም፤ ከባቄላና ከጎመን ጋር ደጋግሞ ይቀቀልና ሪቦሊታ የሚሉት ወጥ ይሆናል። የእንጀራ ፍርፍር የምትሠራ እናት ዘዴውን ሳይነግሯት ታውቀዋለች።

እሑድን በኡፊዚ ሙዚየም በር ወረፋ ጀመርሁት። የነጻ ቀን ወረፋ እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ውስጥ ከገባሁ በኋላ ስመ ጥሩውን ሥዕል ሁሉ ተጋፍቼ አየሁ፤ የቆምሁት ግን አርጤሜዥያ ጄንቲሌስኪ ከሣለችው ከዮዲት ፊት ነው። መጽሐፈ ዮዲትን ያነበበ ታሪኩን ያውቃል። ወንዶች ሠዓሊዎች ዮዲትን ሲሥሉ ሰይፉን በጣቷ ጫፍ ያስይዟታል። የአርጤሜዥያ ዮዲት ግን እጅጌዋን ሰብስባ፣ አገልጋይዋ ሆሎፎርኒስን በሙሉ ኃይሏ ተጭናው፣ ሥራ ላይ ናቸው። አርጤሜዥያ በ1616 ወደ ፍሎሬንስ የሥዕል አካዳሚ በአባልነት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ በዚያው ሰሞን ልጆች ትወልድ ነበር።

የሚኬል አንጄሎን ዳዊት ለማየት ሌላ ወረፋ መቆም ስላልቻልሁ በአደባባዩ ላይ ከ1910 ጀምሮ የቆመውን ግልባጩን አይቼ አለፍሁ። እናቶቻችን ቢያዩት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል ያደርጉ ነበር። ከዚያም በ1345 የተሠራውን አሮጌውን ድልድይ ተሻገርሁ። በሁለት ወገን የተደረደሩት ሱቆች ቀድሞ የሥጋ ቤቶች ነበሩ፤ በ1593 መስፍኑ ፈርዲናንዶ ሽታው አስቸገረኝ ብሎ አስወጣቸውና ወርቅ ሠሪዎችን አስገባ። በነሐሴ 1944 የጀርመን ጦር ሲሸሽ የከተማይቱን ድልድዮች ሁሉ አፍርሶ ይህን አንዱን ብቻ ተወው። አርኖ ራሱ ግን ጠላት የተወውን አይተውም። በኅዳር 4 ቀን 1966 ሞልቶ ከተማይቱን ዋጠ፤ በአንዳንድ ሰፈር ውሃው የደረሰበትን የሚያሳየው ምልክት ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ነው። በጭቃ የተቀበሩትን የቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት እየተቀባበሉ ያወጡት ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። የከተማይቱ ሰው እስከ ዛሬ «የጭቃ መላእክት» ይላቸዋል።

ሰኞ ጠዋት ከእትዬ ጋር ወጣን። ከካቴድራሉ ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መንገድ በጥቂት ደቂቃ የሳንቲሲማ አኑንዚያታ አደባባይ ያደርሳል። በስተቀኝ በቀጫጭን ዓምዶች የቆመ የ9 ቅስት ደጀ ሰላም አለ። በየቅስቱ መካከል በሰማያዊ ክብ ላይ በመጠቅለያ የታሰረ ነጭ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ይታያል። አንድርያ ዴላ ሮቢያ በ1487 ገደማ በሸክላ የሠራቸው ናቸው። ልብ ብሎ ላየ ሰው ሕፃናቱ አይመሳሰሉም፤ የአንዱ መጠቅለያ ጥብቅ ብሏል፣ የሌላው እግሩ ላይ ተፈትቷል።

«ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ሳልፍ ኖርሁ፤» አሉኝ እትዬ። «ዝናብ ሲይዘኝ ከሥሩ ተጠልያለሁ። የማሳድጋቸውን ልጆች እጃቸውን ይዤ አሻግሬበታለሁ። ውስጡን ግን አንድ ቀን አላየሁት።»

ይህ ቤት ኦስፔዳሌ ዴሊ ኢኖቼንቲ፣ የንጹሐን ቤት ይባላል። ንጹሐን የተባሉት ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተልሔም ሕፃናት ናቸው። ንድፉን በ1419 ያወጣው ያው የጉልላቱ ብሩኔሌስኪ ሲሆን ወጪውን የቻለው የሐር ሠሪዎችና ነጋዴዎች ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ የተገኘው ግን ከአንድ ሰው ኑዛዜ ነበር። ፍራንቼስኮ ዳቲኒ የተባለ የፕራቶ ከተማ ነጋዴ በ1410 ሲሞት 1,000 ፍሎሪን ወርቅ ለተጣሉ ሕፃናት ቤት ማሠሪያ ተናዘዘ። ዳቲኒ ከሚስቱ ልጅ አልነበረውም። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ የወለደችለትም በቤቱ የነበረች ባሪያ ናት። ልጅቱን ሚስቱ አሳደገቻት።

ነገሩን ለመረዳት የዘመኑን ፍሎሬንስ ማወቅ ያሻል። በ1348 ታላቁ ቸነፈር ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የቤት ሠራተኛ ስለጠፋ የከተማይቱ መንግሥት በ1360ዎቹ ዓመታት ባሮች ከውጭ እንዲገቡ ፈቀደ። ከጥቁር ባሕር ዳርቻ በመርከብ ተጭነው የመጡት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከጌታቸው ወይም ከጌታቸው ዘመድ ያረገዙት ብዙ ናቸው። ሲወልዱ ሕፃኑ ከእቅፋቸው ተወስዶ ለዚህ ቤት ይሰጣል፤ የእናቲቱ ጡት ግን አይደርቅምና የጌታይቱን ልጅ እንድታጠባ ትደረጋለች፤ ወይም ለሌላ ቤት በአጥቢነት ትከራያለች። የዚያ ዘመን የቤተሰብ መዝገቦች ይህን እንደ ማንኛውም የገቢና የወጪ ሒሳብ ጽፈው አኑረውታል። የቀሩት ሕፃናት የድኾች ልጆች ናቸው። እህል በተወደደ ቁጥር የሚመጡት ይበዙ ነበር፤ ከወንዶቹም ሴቶቹ ይበልጡ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሕፃን የገባችው በየካቲት 5 ቀን 1445 ነው። ዕለቱ የቅድስት አጋታ በዓል ስለነበር አጋታ ዝሜራልዳ ተባለች፤ ዝሜራልዳ ማለት መረግድ ነው። መጀመሪያ ሕፃናቱ የሚቀመጡት ደጀ ሰላሙ ሥር ባለ የድንጋይ ገንዳ ላይ ነበር። በኋላ በብረት ፍርግርግ የታጠረ መስኮት ተሠራ። የብረቶቹ ክፍተት ጠባብ የሆነው አዲስ የተወለደ ሕፃን ብቻ እንዲያልፍ ተብሎ ነው፤ አደግ ያለ ልጅ አያልፍም። መስኮቱ የተዘጋው በ1875 ነው። ዛሬም ከደጀ ሰላሙ ጫፍ ቦታው ይታያል። እስከዚያ ድረስ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሕፃናት በዚህ ቤት አልፈዋል።

ሁሉም አደጉ ማለት አይደለም። ቤቱ ራሱ የሚያጠቡ ሴቶች ቢኖሩትም ስለማይበቁ አብዛኞቹ ሕፃናት በወር ደመወዝ ገጠር ላሉ አጥቢዎች ይሰጡ ነበር። በክፉ ዘመን ከገቡት ከግማሽ በላይ ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከተረፉት ወንዶቹ ሙያ ለመማር ለእጅ ባለሙያ ይሰጣሉ። ሴቶቹ ሐር ይፈትላሉ፣ ይሸምናሉ፤ ወጪውን የቻለው የሐር ማኅበር መሆኑን ያስታውሷል። ጥሎሽ የተገኘላት ታገባለች። ያልተገኘላት እዚያው ታረጃለች። በቶስካና ዛሬም ኢኖቼንቲ ወይም ኖቼንቲኒ የሚል የቤተሰብ ስም ያለው ሰው ብዙ ነው፤ የዘሩ መነሻ ይህ መስኮት ሊሆን ይችላል።

አሁን ቤቱ ሙዚየም አለው፤ በ2016 ታድሶ ተከፍቷል። ሥዕሎቹ መልካም ናቸው፤ በዚያች ከተማ መልካም ሥዕል ብርቅ አይደለምና አልዘረዝራቸውም። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት አንድ ክፍል ግን አለ። ግድግዳው ላይ ከመቶ በላይ ትናንሽ መሳቢያዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሕፃኑ ስምና የገባበት ቀን ተጽፏል። መሳቢያውን ሲስቡት እናቲቱ ልጅዋን ስታስረክብ አብራ ያስቀመጠችውን ምልክት ያገኛሉ። ለሁለት የተሰበረ ሜዳይ ግማሽ። የተቆረጠ ሳንቲም። የአንገት መስቀል። ባለ ቀለም ዶቃ። የጨርቅ ቁራጭ። ግማሹን እናት ይዛ ትሄዳለች። አንድ ቀን ኑሮ ከቀናት ተመልሳ ሁለቱን ስትገጥማቸው ልጅዋ ማን እንደሆነ ይታወቃል። የቤቱ ጸሐፊዎችም በየመዝገቡ ሕፃኑ በምን ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደመጣ፣ ምን እንደታሰረለት አንድ በአንድ ይጽፉ ነበር። መዝገቡ እስከ ዛሬ አለ።

እዚህ የተቀመጡት ግማሾች ሌላው ግማሻቸው ያልመጣ ናቸው።

እትዬ መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ መሳቢያ ሳቡ። ፈጥነው አይዘጉትም፤ ስሙን በኢጣልያንኛ ድምፅ አውጥተው ያነቡታል፣ ከዚያ ቀስ አድርገው ይመልሱታል። እኔ ሌላውን ግድግዳ ጨርሼ ስመለስ ገና ከመጀመሪያው ረድፍ አልወጡም ነበር።

«የኔዋን ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው ለእናቴ ትቼያት የመጣሁ» አሉኝ። ይህንን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ በሰፈራችን የማያውቅ የለም። እሳቸው ሲናገሩት ግን ሰምቼ አላውቅም። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የገባሁበት ቤት ሕፃን ነበራቸው። የኔዋ ለሊት ለሊት ታለቅሳለች እየተባለ በካሴት ይላክልኛል፤ እኔ ደግሞ ሌሊት የእነርሱን ልጅ አባብላለሁ።»

«እንዴት ቻሉት፣ እትዬ?» አልኋቸው።

«ብሩን እልካለሁ። ትምህርት ቤት ገባች ተባልሁ፤ ደስ አለኝ። ሳያት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እንግዳ መጣ ብላ ቡና ልታፈላልኝ ተነሣች።» መሳቢያውን መለሱት። «እኔስ ቢሆን ካሴት ነበረኝ፤ በኋላም ስልክ ነበረኝ። የእነዚህ ባሰ።»

ልጃቸው ዛሬ አዲስ አበባ መምህርት ናት፤ የራሷም ልጆች አሏት። እናትና ልጅ በየእሑዱ በስልክ ይነጋገራሉ። ስለ እነዚያ 8 ዓመታት ተነጋግረው ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅሁም። በየአረብ አገሩ፣ በየቤይሩቱ ዛሬ የሰው ልጅ እያባበሉ ላሉት ብዙ እኅቶቻችን ጥያቄው ገና ትኩስ ነው። ልጁን እቤት የያዘችውም አያት መዝገብ የሚይዝላት የለም።

ቤቱ ከታሪክነቱ ሌላ ሥራውን አላቆመም። በውስጡ የሕፃናት መዋያ አለ፤ ችግር ላይ የወደቁ እናቶች ከነልጆቻቸው የሚጠለሉበትም አለ። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የጥንቱ ቤት ልጁን ተቀብሎ እናቲቱን ይመልስ ነበር፤ የአሁኑ ሁለቱንም ያስገባል። ዩኒሴፍም በ1988 የሕፃናትን ኑሮ የሚያጠና የምርምር ማዕከሉን የከፈተው እዚሁ ነው።

ስንወጣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሆኖ ነበር። አደባባዩ ላይ ከሥራ የተለቀቁ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ያልፋሉ። አንዲት ሴት በአንድ እጇ ከገበያ የገዛችውን ሽንኩርት፣ በሌላው የማይራመድ ልጅ ይዛ ትቆጣለች። ልጁ ጫማውን አውልቆ አላደርግም ብሏል። እትዬ ጎንበስ ብለው ጫማውን አነሡላትና በኢጣልያንኛ አንድ ነገር ለልጁ አሉት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ጫማውን ግን አደረገ።

ባቡሬ የሚነሣው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። እትዬ ስንቅ ቋጥረውልኝ ነበር፤ ጠዋት እሳቸው የጋገሩት፣ ጨው ያለው ዳቦ።